ወፉን አገሩ ትቶ የመጣ አበባ

ጆን ዊንተር ሥራውን ሲጀምር በእጁ የነበረው ሰባት እግር ተክል ብቻ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ቦታው ኬፕታውን ውስጥ በቴብል ተራራ ምሥራቃዊ ጥግ ያለው የኪርስተንቦሽ ብሔራዊ የዕፅዋት መናፈሻ ነው። ተክሉን እናውቀዋለን። የገነት ወፍ የምንለው፣ አበባ ሻጮች በርድ ኦፍ ፓራዳይዝ እያሉ የሚሸጡት፣ በአዲስ አበባ በሆቴሎች ደጃፍና በየግቢው አጥር ሥር የሚታየው ነው። እንግዲህ ተክሉ ራሱ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የነበረው የሰባቱ ቀለም ነው። በሌሎቹ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ የሆነው የአበባ ክፍል በነዚህ ላይ ወርቃማ ቢጫ ነበር።

እንዲህ ያለ ቢጫ በተፈጥሮ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው አይቶ ያደንቅና ያልፋል። ዊንተር ግን ሰባቱን እርስ በርስ እያዳቀለ፣ ከተወለዱት መካከል ቀለሙ የጠራውንና ጉልበቱ የበረታውን እየመረጠ፣ የመረጣቸውን እንደገና እያዳቀለ ቀጠለ። ለሕዝብ የሚሸጥ በቂ ተክል እስኪገኝ 20 ዓመት ገደማ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1994 «የኪርስተንቦሽ ወርቅ» ተብሎ ወጣ፤ በ1996 ስሙ ተለውጦ «የማንዴላ ወርቅ» ተባለ።

ለአንድ አበባ ሃያ ዓመት ብዙ ነው። የተለየ ቀለም ያለው አንድ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ያገኘ ሰው ዓይኑን እያነሳ በሌላ ግንድ ላይ እያጣበቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሺህ ያደርሰዋል። የገነት ወፍ ግን እንዲህ አይታዘዝም። የሚበዛበት መንገድ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ዝግተኞች ናቸው። አንደኛው ዘር ነው፤ ለዘሩ ወፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መክፈል ነው፤ ለመክፈል ደግሞ ተክሉ ራሱ እስኪባዛ መጠበቅ የግድ ነው። ወርቃማው ዝርያ ዛሬም በየግቢው የማይታየው አየሩ ስላልተስማማው ወይም አፈሩ ስለከፋው አይመስለኝም። በሁለቱም መንገድ ላይ የሰው እጅ መግባት ስላለበትና ያን ለማድረግ የሚታገሥ ሰው ስላነሰ ነው። ይህ ምዕራፍ እጅዎን ማስገባት ለሚፈልጉ የተጻፈ ነው።

ተክሉ ከትውልድ አገሩ የወጣው ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነው። በዱር የሚበቅለው ከደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ እስከ ክዋዙሉ ናታል ባለው የባሕር ዳርቻ ቁጥቋጦና የወንዝ ዳር ነው። በለንደን ያለው የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት መናፈሻ ዕፅዋት እንዲሰበስብ የላከው ፍራንሲስ ማሶን የተባለ አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1772 በካፒቴን ኩክ መርከብ ኬፕ ደረሰ። በዓመቱ፣ በ1773፣ የገነት ወፍ ኪው ገባ። ሰር ጆሴፍ ባንክስ ስትሬሊትዝያ ሬጂኔ የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው፤ የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ባለቤት ንግሥት ሻርሎት የመጣችው ከሜክለንቡርግ ስትሬሊትዝ ስለነበር ነው። በዚህ ዓይነት አንድ የአፍሪካ የወንዝ ዳር ቅጠል የጀርመን ልዕልትን ስም ተሸከመ። ቅኝ ገዢዎች ተራራውንም፣ ሐይቁንም፣ አበባውንም በዘመዶቻቸው ስም መጥራት ይወዱ ነበር። አገሩ ግን አልረሳውም። የክዋዙሉ ናታል ክፍለ ሀገር አርማ ላይ አለ፤ በደቡብ አፍሪካ የ50 ሳንቲም ፍራንክ ላይም ለረጅም ጊዜ ኖሯል።

ኪው የገባው ተክል ብርድን በመስታወት ቤት ተጠልሎ አለፈ፤ አበበም። ያልተከተለው ወፉ ነው።

የአበባውን አሠራር ማወቅ እዚህ ላይ ያስፈልጋል፤ ካላወቅነው እጃችንን የት እንደምናስገባ አናውቅም። እንደ መንቁር ሾሎ በአግድም የተዘረጋው አረንጓዴ ነገር አበባው አይደለም፤ የአበባው ሰገባ ነው። በውስጡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 አበባዎች ተደራርበው ተኝተዋል፤ በቀናት ልዩነት አንድ በአንድ ይነሳሉ። (አበባ አሳማሪዎች የሚያውቁት ዘዴ አለ። የመጀመሪያው አበባ ሲጠወልግ ሰገባውን ለብ ባለ ውኃ አርሰው ቀጣዩን በጣታቸው ቀስ አድርገው ያወጡታል። ተቆርጦ የተሸጠ አንድ ዘንግ በማስቀመጫ ውስጥ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚቆየው በዚህ ነው።) እያንዳንዱ አበባ ሦስት ብርቱካናማ፣ በእኛው ጉዳይ ወርቃማ፣ ክፍሎች አሉት። መካከላቸው ሰማያዊ ፍላጻ ይወጣል። ፍላጻው የተሠራው ጎን ለጎን ከተጋጠሙ ሁለት ሰማያዊ የአበባ ቅጠሎች ነው። የወንዱ ብናኝ፣ ማለትም ፖለኑ፣ በውስጣቸው ተደብቋል። ሦስተኛው ሰማያዊ ቅጠል ትንሽ ነው፤ ከፍላጻው ሥር ሆኖ የአበባውን ማር ይከድናል። ከፍላጻው ጫፍ አልፎ የሚታየው ነጣ ያለ የሚያጣብቅ ሹል ነገር የሴቴው ጫፍ ነው።

ወፍ ማሩን ፈልጎ ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ ያ ፍላጻ ነው። በክብደቱ ሁለቱ ቅጠሎች ይከፈታሉ፤ ፖለኑም እግሩና ደረቱ ላይ ይለጠፋል። ወደ ሌላ አበባ ሲሄድ መጀመሪያ የሚነካው የሴቴውን ጫፍ ስለሆነ ያመጣውን እዚያ ያራግፋል። በደቡብ አፍሪካ ይህን ሥራ በደንብ ሲሠሩ የታዩት ሣር እየጠላለፉ ጎጆአቸውን ከቅርንጫፍ ላይ የሚያንጠለጥሉት ወፎች ናቸው። ክብደታቸው ፍላጻውን ለመክፈት ይበቃል። መንቁራቸው ረጅምና ቀጭን የሆነ፣ የአበባ ማር የሚጠቡ ትናንሽ ወፎችም ይመጣሉ፤ ነገር ግን ፍላጻው ላይ ሳይቆሙ በጎን ጠጥተው ሊሄዱ ስለሚችሉ ሁልጊዜ ሥራውን አይሠሩም። ፖለኑ በቀጫጭን ክሮች የተያያዘና የሚለጠፍ ስለሆነ ነፋስም አይረዳም።

ከአገሩ ውጭ በተተከለበት ቦታ ሁሉ ተክሉ አብቦ ዘር የማይዘው ለዚህ ነው። አንድ ደስ የሚል ልዩነት አለ። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1952 የገነት ወፍን የከተማዋ ይፋዊ አበባ አድርጋ መርጣለች፤ በየመንገዱ ተተክሏል። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው በደቡብ ካሊፎርኒያ ጉሮሮው ቢጫ የሆነ አንድ ትንሽ የአገሬው ወፍ አበባውን መጎብኘት ለምዶ ፖለን ያመላልሳል። እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች በሰፈራችሁ ፍሬ የያዘ ዘንግ ብታዩ አይግረማችሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ አካባቢ ቡና ለመጠጣት ስትወጡ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ።

እኛ ዘንድ ሥራው የአትክልተኛው ነው። ኪርስተንቦሽ ወፎቹ ነበሩት፤ ዊንተር ግን ለወፍ መተው አልቻለም። ወፍ ቢጫውን ከብርቱካናማው ለይቶ አያዳቅልም፤ ከጎረቤት መደብ ያመጣውን ብርቱካናማ ፖለን ወርቁ ላይ ቢያራግፍ የዓመታት ድካም ይበላሻል። ስለዚህ ሁሉንም በእጁ አዳቀለ። ሌላም ጠላት ነበረበት። ግራጫ ሽኮኮዎች እየመጡ ዘሩን ይበሉበት ስለነበር የአበባውን ራስ በሽቦ መረብ መሸፈን ግድ ሆነ። የሽኮኮዎቹ ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ከባሕር ማዶ ያስመጣቸው ሴሲል ሮድስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1913 የኪርስተንቦሽ መናፈሻ የተቋቋመበትን መሬት በኑዛዜ የተወውም ያው ሮድስ ነው። መሬቱንና ሌባውን አንድ ሰው ሰጠ ማለት ነው።

በእጅ ማዳቀሉ ከሚመስለው ይቀላል። አዲስ የተከፈተ አበባ ይምረጡ። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ይሁን። የፍላጻውን ሁለት ክንፎች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን አድርገው ይክፈቱ፤ ነጭ፣ የሚያጣብቅ ፖለን ይታያል። በጣትዎ ወይም በትንሽ ብሩሽ ያንሱና የሌላ ተክል አበባ ሴቴ ጫፍ ላይ ይቀቡት። ከአንድ ተክል ወደ ራሱ ከመውሰድ ከሌላ እግር ማምጣቱ ይመረጣል፤ ፍሬ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል፣ የሚወለዱትም ይጠነክራሉ። ያዳቀሉትን አበባ በክር ያስሩበት። አለበለዚያ ሰገባው ውስጥ ካሉት ከአራት እስከ ስድስት አበባዎች የትኛው እንደሆነ ይጠፋዎታል። በማግስቱም ቢደግሙት ጥሩ ነው፤ የሴቴው ጫፍ በየትኛው ሰዓት በደንብ እንደሚቀበል በዓይን አይለይም።

ወርቃማ ዘር ለማግኘት አባትም እናትም ወርቃማ መሆን አለባቸው። አንድ ወርቃማ ተክል ብቻ ያለው ሰው ከብርቱካናማ ጋር ቢያዳቅለው ከሚወለዱት መካከል ወርቅ ላይታይ ይችላል። ይህን ሰምተው ተስፋ ከሚቆርጡ ሌላ ወርቃማ ያለው ሰው ፈልገው ፖለን ቢለዋወጡ ይሻላል።

ዳቀላው ከተሳካ ሰገባው ከደረቀ በኋላም የአበባው ሥር አረንጓዴ ሆኖ ያብጣል። ፍሬው ለመብሰል አምስት ወይም ስድስት ወር ይወስድበታል። እንደ እንጨት ይጠነክርና መጨረሻ ላይ በሦስት ይሰነጠቃል። በውስጡ ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይገረማል። አተር የሚያክሉ ጥቁር ዘሮች እያንዳንዳቸው ደማቅ ብርቱካናማ ጸጉር ለብሰው ይወጣሉ። ጸጉሩ ወፎች ዘሩን እንዲወስዱት የሚስብ ጌጥ ነው። ቀለሙ ግን ለብዙ ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። አበባ ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል፤ ይህኛው ዓመታት ቆይቶም አይደበዝዝም። እ.ኤ.አ. በ2009 በፍሎሪዳ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በመጀመሪያ የዚህ ተክል ወንድም በሆነው ግዙፉ ነጭ ዝርያ፣ ቀጥሎም በራሱ በገነት ወፍ ዘር ላይ ቢሊሩቢን አገኙ። ቢሊሩቢን ከደማችን ቀይ ሕዋሳት መፈራረስ የሚወጣ ቀለም ነው፤ የተመታ ሰውነት ሲጠግግ ቢጫ የሚያስመስለው፣ የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው ዓይን የሚያቀልመው እሱ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በእንስሳት ብቻ የሚገኝ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ደም የሌለው ተክል ይህን ቀለም ሠርቶ ዘሩን አስጌጠበት።

ዘሩን ለልጆች መጫወቻ አይስጡ። የሚያምር ቢሆንም ቢበላ ሆድ ያስቸግራል።

ወደ መዝራቱ እንሂድ። ትኩስ ዘር ከቆየ ዘር ይበልጣል፤ ስለዚህ ፍሬው እንደተሰነጠቀ ይልቀሙት። ብርቱካናማውን ጸጉር በጣት አሽተው ያስወግዱ። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ለብ ባለ ውኃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይዘፍዝፉት፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ይቀይሩት። ቅርፊቱን በአንድ በኩል በሞረድ ቀስ አድርገው መፋቅም ውኃ እንዲገባ ይረዳል፤ ነጩን ውስጡን ግን አይንኩ። አፈሩ ቀላልና ውኃ የማይቋጥር ይሁን። ችግኝ ጣቢያዎች የሚቀላቅሉት የደን አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይበቃዋል፤ አሸዋውን በዛ ያድርጉ። ዘሩን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይቅበሩ።

የአዲስ አበባ ሰው የሚቸገረው በሙቀቱ ነው። ዘሩ ለመብቀል 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይወዳል፤ የእኛ ሌሊት ደግሞ ከዚህ በጣም ይወርዳል። ፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ ሙቀት በሚጠራቀምበት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ወይም ከማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ ሞተሩ በሚያሞቀው በኩል፣ ማኖር ይረዳል። ጊዜውን መምረጥ ለሚችል ሰው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ይሻላል። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ያለ ሰው ይህን ሁሉ አይቸገርም። ቢሆንም መጠበቅ አይቀርም። ቶሎ የበቀለው በአንድ ወር ብቅ ይላል፤ ሌላው ሦስት ወር፣ አንዳንዱ ስድስት ወርም ይተኛል። ከአንድ ፍሬ የተለቀሙ፣ በአንድ ቀን የተዘሩ ዘሮች እንኳ አብረው አይነሱም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ወር አፈሩን ደፍቶ በማሰሮው ሌላ ነገር ይተክልበታል።

የበቀለው ችግኝ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ለየብቻው ይዛወራል። ሥሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፤ ሲሰበርም ይበሰብሳል። ከአፈሩ ጋር አብሮ ማንሳት እንጂ መንቀል አይገባም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው፤ ማሰሮውን ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ ፀሐይ መስጠት፣ በየጊዜው ብስባሽ መጨመር። ማሰሮ ውስጥ ቢኖርም ይኖራል። መሬት የሚገባ ከሆነ ደግሞ ቦታውን አንድ ጊዜ በደንብ መምረጥ ይበጃል፤ በኋላ መነቀል አይወድም። የዋልካ መሬት ያለው ሰው ሥሩን እንዳያፍንበት ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሮ በአሸዋና በብስባሽ ይቀላቅል፤ መደቡንም ከፍ ያድርግ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ቦታ ለዚህ ተክል መቃብር ነው። የቅጠሎቹን ብብት አልፎ አልፎ ይመልከቱ፤ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ነጫጭ ነፍሳት እዚያ መደበቅ ይወዳሉ። በሳሙና ውኃ የራሰ ጨርቅ ይበቃቸዋል።

ከዘር የመጣ የገነት ወፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያብበው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ነው፤ ብርዳማ ቦታ ከዚያም ይዘገያል። እስኪያብብ ድረስ ቀለሙን ማወቅ አይቻልም። ቅጠሉ አይናገርም። አሁን የዊንተርን 20 ዓመት እናስላ። አንድ ትውልድ አምስት ዓመት ከፈጀ ሃያው ዓመት የአራት ትውልድ ዕድሜ ብቻ ነው። አዳቅሎ፣ ዘርቶ፣ አምስት ዓመት ጠብቆ፣ ካበቡት መካከል ጥሩውን መርጦ፣ እንደገና አዳቅሎ። ለአራት ጊዜ። እንዲያውም ቶሎ ጨርሷል ያሰኛል።

አበባው የተሰጠው ስም ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል፤ ማንዴላ ራሳቸው አትክልተኛ ነበሩና። እ.ኤ.አ. በ1982 ከሮበን ደሴት ወደ ፖልስሙር ወህኒ ቤት ሲዛወሩ፣ ለሁለት የተቆረጡ 16 የዘይት በርሜሎች 32 መደብ ሆነውላቸው በእስር ቤቱ ጣሪያ ላይ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ካሮትና ቲማቲም ያለሙ ነበር። ወደ 900 የሚጠጋ ተክል እንደነበራቸው በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል። ፖልስሙርና ኪርስተንቦሽ ሁለቱም ኬፕታውን ውስጥ ናቸው። እሳቸው ጣሪያው ላይ ሲኮተኩቱ ዊንተር በዚያው ከተማ ወርቁን እያዳቀለ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በ1962፣ አዲስ አበባ ኮልፌ ከኮሎኔል ታደሰ ብሩ ዘንድ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ ቆይተው ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ብዙም ሳይቆዩ የተያዙት ሃዊክ አቅራቢያ ነው። ሃዊክ ያለችው ይኸው አበባ በአርማው ላይ ባለበት በዛሬው ክዋዙሉ ናታል ውስጥ ነው።

ዘር የማይታገሥ ሰው ሁለተኛውን መንገድ ይሄዳል፤ ይከፍላል። መክፈል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የተከፈለው ተክል የእናቱ አካል ስለሆነ ቀለሙ አይለወጥም። ያረጀ፣ ብዙ ራስ ያወጣ ተክል ያስፈልጋል። የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ዙሪያውን ራቅ አድርጎ በዶማ ቆፍሮ ማውጣት፣ አፈሩን ማራገፍ፣ ራሶቹ የሚለያዩበትን ቦታ ማግኘትና በሹል ቢላ ወይም በመጋዝ መቁረጥ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለትና ሦስት ራስ ከራሱ ሥር ጋር ይኑረው። ቁስሉ ላይ አመድ ነስንሰው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ቅጠሎቹን በግማሽ ያሳጥሩ። በፊት በነበረበት ጥልቀት ይትከሉት፤ ጠልቆ የገባ ተክል ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ውኃ አያብዙ። ከዚያ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያኮርፋል። ሥሩን እስኪያደላድል አበባ አይጠብቁ። የተጨናነቀ የገነት ወፍ ይበልጥ ስለሚያብብ፣ ለማባዛት ካልፈለጉ በቀር ያለ ምክንያት አይክፈሉት።

ይህ መንገድ የሚዘገይበት ምክንያት በግንዱ ውስጥ ነው። የገነት ወፍ ግንድ አጭርና ከመሬት በታች የተኛ ነው፤ የሚያድገው ጫፉ ለሁለት እየተከፈለ ነው። አንዱ ራስ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ ከጊዜ በኋላ አራት ይሆናሉ። በየቅጠሉ ብብት የተኙ ሌሎች እምቡጦች አሉ፤ ጫፉ በሕይወት እስካለ ድረስ ግን አይነሱም። ጫፉ እንዲተኙ የሚያደርግ መልእክት ወደ ታች ይልክባቸዋል። ተመራማሪዎች ይህን አይተው ጫፉን ቢገድሉትስ ብለው ሞከሩ። የግንዱን የእድገት ጫፍ በጥንቃቄ ሲያጠፉት የተኙት እምቡጦች ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሱ።

ይህን ያነበበ የጉራጌ ወይም የሲዳማ ገበሬ «ይህማ የእኛ ነው» ቢል አልፈርድበትም። እንሰት፣ ሙዝና የገነት ወፍ በሩቅ የሚዛመዱ የአንድ ነገድ ዕፅዋት ናቸው፤ ቅጠላቸውን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዝምድናውን አያጣውም። እንሰት በተፈጥሮው ከጎኑ ችግኝ አያወጣም ማለት ይቻላል። ገበሬው ጥቂት ዓመት የሆነውን እንሰት ከመሬት ከፍ አድርጎ ይቆርጠውና መሐሉ ላይ ያለውን ልብ ይፈለቅቃል። ግንዱን ትንሽ አጠውልጎ ከፍግ ጋር ይቀብረዋል። ልቡን ያጣው አሚቾ፣ ማለትም የእንሰቱ ሥረ ግንድ፣ ዙሪያውን ችግኝ ያወጣል፤ በአስር የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚያልፉ። ቤተ ሙከራ በወረቀት ያሰፈረውን ሕግ እነዚህ ገበሬዎች ለዘመናት በጓሮአቸው ሠርተውበታል።

የገነት ወፍ እንደ እንሰት ለጋስ አይደለም፤ ልቡ የጠፋበት ራስ የሚሰጠው ጥቂት ችግኝ ነው። ጫፉን በትክክል ያላገኘ ሰው ደግሞ ተክሉን ያበሰብሳል። ስለዚህ በአንድያ ወርቃማ ተክልዎ ላይ ከመሞከርዎ በፊት በብርቱካናማው ላይ እጅዎን ያፍታቱ። የጓሮ እንሰት የሚያባዛ ዘመድ ካለዎት አብሮ ቢሆን ይመረጣል፤ እጁ ከመጽሐፍ ይበልጣል። በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውስጥ ከሕዋስ ማባዛትም ተሞክሯል። የተቆረጠው ሥጋ ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ፈሳሽ አጥቁሮ ስለሚገድለው አስቸጋሪ ሆኗል። እንሰትንም ያስቸገረው ይኸው ነው።

አሁን ስለ መግዛት። በኢንተርኔት ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ የገነት ወፍ ዘር የሚሸጡ አሉ። እንዲህ ያለ የገነት ወፍ የለም፤ ፎቶግራፉ በኮምፒውተር የተቀባ ነው። ቢጫው እውነተኛ በመሆኑ ደግሞ ለማታለል ይበልጥ ይመቻል። ዘሩም ችግኙም ከብርቱካናማው ስለማይለይ ገዢው መታለሉን የሚያውቀው ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሻጩ የት ይገኛል? ስለዚህ አበባውን በዓይንዎ ሳያዩ ለወርቃማ ተክል ተጨማሪ ዋጋ አይክፈሉ። አብቦ ካዩት፣ ባለቤቱም ሊከፍልልዎ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ዋጋውን ብዙ አይከራከሩት፤ እዚያ ያደረሰው የዓመታት ልፋት ነው።